ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት

ልጆቻችን ስልካቸውን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ እየገፉ «ከእነዚህ ሁሉ ሚዲያዎች ገለልተኛው የትኛው ነው?» ይሉናል። ቀላል ጥያቄ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ምራቃችንን ውጠን ዝም የምንለው ይህ ጥያቄ ዕድሜያችንን ስለበላ ነው።

እኛ ማለት በአብዮቱ ዋዜማና ማግስት የተወለድን፣ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳርና ለሳሙና ተሰልፈን ያደግን፣ ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ኮርኒስ ላይ የተደበቅን ወይም ወንድሞቻችንን የደበቅን፣ ግንቦት 1983 ላይ ሃያ ዓመት የሞላን ወይም ሊሞላን የተቃረበ፤ በልጅነታችን አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፓርቲ፣ አንድ እውነት ብቻ የነበረን፣ በወጣትነታችን ጋዜጣ ከእግረኛ መንገዱ የተትረፈረፈልን፣ በጉልምስናችን ደግሞ ያ ሁሉ ጋዜጣ አንድ በአንድ ሲከስም ቆመን ያየን ሰዎች ነን።

የምሽት ሥርዓታችንን ያልኖረበት አይረዳውም። አንድ ሰዓት ላይ ጀርመን ድምፅ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ኢቴቪ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ቪኦኤ። ራት በመካከል የሚገባበት ቦታ ይፈለግለታል። ይህ እንግዲህ በኋላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መስማት ሲቻል ነው። በደርግ ጊዜ ሬዲዮኑ ጋቢ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ አንቴናው በመዳብ ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ይታሰራል፣ አጭር ሞገዱ ሲያፏጭ አባት ጆሮውን ለጥፎ ይሰማና ለቤተሰቡ በሹክሹክታ ያቀብላል፤ ጎረቤት የቀበሌ ሰው ከሆነ ደግሞ አንድ ልጅ በር ላይ ይቆማል። ብዙዎቻችን የጋዜጠኝነትን ሙያ የጀመርነው በዚያ በር ላይ ቆመን ነው ብል አላጋነንኩም።

የአገሩን ሬዲዮም ቢሆን ዝም ብለን አናምነውም፣ ዝም ብለንም አንጥለውም። ጠላት ስለመደምሰሱ ሲነገረን ቁጥሩን ትተን የቦታውን ስም እንይዛለን። በፊት ትግራይ ውስጥ የተደመሰሰው ጠላት ቀጥሎ ደብረ ታቦር፣ ቀጥሎ አምቦ ላይ ከተደመሰሰ፣ ጦርነቱ ወደ ማን ደጅ እየመጣ እንደሆነ ካርታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሐሰቱ ውስጥ እውነቱ ነበር፤ ፈልፍሎ ማውጣት ግን የሰሚው ሥራ ነበር።

ከዚያ ያቺ ሳምንት መጣች። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሬዲዮው ፕሬዚዳንቱ ከአገር መውጣታቸውን ተናገረ። ግንቦት 20 ቀን ያው ሬዲዮ፣ ያው ሞገድ፣ ያው ስቱዲዮ አዲስ ጌታ ነበረው። ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ መሆኑ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ወንበዴ የነበረው በዚህኛው ታጋይ ሆነ፣ ባለፈው ጓድ የነበረው የደርግ ርዝራዥ ሆነ፣ ባለፈው «ለእናት አገር» የተባለው ሁሉ የአምባገነን ሥርዓት መጠቀሚያ ሆነ። ዜና አንባቢዎቹን አንወቅሳቸውም። ልጅ የሚያሳድጉ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ የተጻፈላቸውን የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ በእኛ ፊት ስለ ንጹሕና ገለልተኛ ዜና ሲወራ ከመሳቅ የተረፈ ያለ አይመስለኝም።

ታላላቆቻችን ደግሞ ከኛ የባሰ አይተዋል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንግሊዝ አገር ከታየ ዓመት ሊሆነው ነበር። ያን ምሽት የታየው ግን ዲምብልቢ እንደሠራው አልነበረም፤ በሚሞቱት ሕፃናት መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ እየተቆረጠ ገብቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ልብ በሉ፣ በዚያ ፊልም ላይ አንድም የተፈበረከ ምስል አልነበረም። ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። መቀሱ ግን አስተያየት ነበር። «ዜናና አስተያየትን ለያይተን እናቀርባለን» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሁሌም ይህን ፊልም አስታውሳለሁ፤ የትኛውን ከየትኛው ይለየዋል? ምስሉን ከምስሉ? ወይስ ከሁለቱ ምስሎች መካከል ያለውን ዝምታ?

መቀሱን የያዙት ሰዎች ከዐሥር ዓመት በኋላ ያደረጉትን ደግሞ እኛ በዓይናችን አይተናል። መስከረም 1977 የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ከተማው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በየአደባባዩ የድል በር ተተክሎ፣ እኛ የትምህርት ቤት ልጆች ለሰልፍ ትርኢት ፀሐይ ላይ ስንለማመድ፣ ወሎና ትግራይ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ዓለም ያየው በጥቅምት ወር፣ መሐመድ አሚን በካሜራው ማይክል ቡርክ በቢቢሲ ድምፁ ከኮረም ሲያሳዩት ነው። እኛ ስለ ወገናችን የሰማነው ከለንደን ዞሮ ነው። መዋሸት ሳያስፈልግ፣ አንዲት የሐሰት ቃል ሳይጻፍ፣ ዝም በማለት ብቻ ሕዝብን ማሳሳት እንደሚቻል ያኔ ተማርን።

ዜናው ዝም ሲል ልብ ወለዱ ይናገር ነበር። በጋዜጠኝነት ያደገውና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ወንበር ላይ የነበረው በዓሉ ግርማ ኤርትራ ውስጥ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያየውን በጋዜጣ መጻፍ ስላልቻለ «ኦሮማይ» ብሎ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እኛ መጽሐፉን ያነበብነው በድብቅ እየተባዛ፣ ገጹ እየደበዘዘ፣ «ነገ መልስ» እየተባልን ነው። በአገራችን የዚያን ዘመን ጦርነት ሚዛን ጠብቆ የነገረን ልብ ወለድ ነበር ማለት ለጋዜጣው ውርደት ነው፣ ለደራሲው ክብር።

እንግዲህ እንዲህ ተርበን ነው ጥቅምት 1985 ላይ የደረስነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጣ፣ ሳንሱር ቀረ፣ ጋዜጣው እንደ ክረምት አግቢ ፈላ። ጦቢያ፣ ሙዳይ፣ ኢትኦጵ፣ ሪፖርተር፣ ምኒልክ፣ አስኳል፣ በኋላም አዲስ አድማስ፣ አዲስ ነገር፣ አውራምባ ታይምስ፣ ስማቸውን ከአሳታሚዎቻቸው በቀር የማያስታውሳቸው ስንትና ስንት። አራት ኪሎ ላይ አዟሪው ጋዜጣውን መሬት ላይ ዘርግቶ በድንጋይ ይጫነዋል። መግዣ የሌለን በሳንቲም እንከራያለን፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ በሰልፍ ተቀምጠን፣ አንዱ ሲጨርስ ለአጠገቡ ሰው እያቀበለ፣ አዟሪው «ወንድሜ፣ ቤተ መጻሕፍት አደረግከው እኮ!» እያለ እየተቆጣ እናነባለን። የሚጮኸው አርእስት አንዳንዴ ጋዜጣው ውስጥ አይገኝም ነበር፤ እሱም የራሱ ዝግጅት ክፍል ነበረው።

በነዚያ ጋዜጦች ላይ የፊት ገጹ ዜናና የውስጥ ገጹ አስተያየት ድንበራቸው የላላ ነበር ይባላል። አልክድም። ምኞታችን ዜና ተብሎ የታተመበት ሳምንት አልጠፋም። ይህን የሚሉን ሰዎች ግን ምክንያቱን አብረው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ለእኩዮቼ ስል ልናገረው።

ዜና ማለት ሰው ማግኘት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይዞ አስተያየት መጻፍ ይቻላል፤ ዜና ግን በር የሚከፍት፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ሰነድ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል። ለግሉ ፕሬስ ያ በር ለብዙ ዓመታት ዝግ ነበር። የመንግሥት ጋዜጣዊ መግለጫ ሲጠራ አንጠራም፤ ሄደን ብንቆምም በር ላይ እንቀራለን። እኔ ራሴ ሪፖርተር ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ስለተባረሩ ሠራተኞች ለመጠየቅ ደወልኩ።

«ከየት ነው?»

«ከጋዜጣ ነው ጌታዬ፤ ስለ...»

«የመንግሥት ነው የግል?»

«የግል።»

ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳውም። የማያጨሰውን ሲጋራ በጣቱ የሚያሽከረክረው አዘጋጃችን ቀና ሳይል «በቃ ጻፍ፦ ኃላፊዎቹን በስልክ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» አለኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የመላው ትውልዳችን ሚዛናዊነት ናት። በሺህ ዜናዎች ግርጌ ታትማለች፤ ከስንፍና የጻፋትም ነበረ፣ ስልክ ተዘግቶበት የጻፋት ግን ይበልጣል። ሌላው ወገን አልናገርም ሲል የአንዱ ወገን እንባ ብቻ ዜና ይሆናል፤ የአንዱ ወገን እንባ ብቻ ያለበት ዜና ደግሞ ሲያነቡት አስተያየት ይመስላል።

በዚያ ላይ አብዛኞቹ ጋዜጦች ሳምንታዊ ነበሩ። ማክሰኞ የሆነውን ነገር ቅዳሜ ዜና ብለህ ለማን ትሸጣለህ? አንባቢው ማክሰኞ ማታ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ያውቀዋል። ለቅዳሜ የሚተርፈው «ለምን ሆነ?» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ አስተያየት አይነገርም። የማተሚያው ገንዘብ አስቀድሞ ይከፈላል፣ ማተሚያ ቤቱ ብርሃንና ሰላም ነው፣ ብርሃንና ሰላም ደግሞ የመንግሥት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሪፖርተር፣ አንድ አዘጋጅና አንዲት ታይፒስት ይዞ በየሳምንቱ ገበያ ላይ የዋለ ሰው ዛሬ በወንበር ላይ ተደላድሎ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሲወቀስ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ወቀሳውን በወርክሾፕም ሰምተነዋል። ኤምባሲዎች አዳራሽ እየተከራዩ፣ ከባሕር ማዶ አሠልጣኝ እያስመጡ፣ ዜናን ከአስተያየት ስለ መለየት ሦስት ቀን ያስተምሩናል። ምሳው ጥሩ ነበር፣ የውሎ አበሉም አይናቅም። ያልነገሩን ነገር የአሜሪካ ጋዜጠኞች የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ያንኑ እኛ እንድንምልበት የሚፈልጉትን «ኦብጀክቲቪቲ» የሚል ቃል ከሥነ ምግባር ደንቡ ማውጣቱን ነው። አስተማሪው የተወውን ተማሪው ይሸመድድ ነበር።

የመንግሥቱ ወገን ደግሞ ችግሩን በቀላሉ ፈታው፦ «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችል መንገድ እንዲመራ ያዛል። በሁለት ሰዓቱ ዜና ግን ድልድይ ይመረቃል፣ ችግኝ ይተከላል፣ አርሶ አደር ተጠቃሚ መሆኑን ይገልጻል። እዚያም የሠሩ ጓደኞች አሉን፤ ከእኛ ያነሰ አላወቁም፣ ከእኛ ያነሰም አላፈሩም። አንዳንዴ የዜናው አራተኛ አንቀጽ ላይ ጠብታ እውነት ሸጉጠው ማታ ስንገናኝ «ሰማሃት?» ይሉን ነበር።

1997 ደረሰ። የምርጫ ክርክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ ሻይ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ የታክሲ ተራው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳይቆረጥ አየን። መቀስ አልነበረም። እኛ በሕይወታችን ሚዛን የሚባለውን ነገር በዓይናችን አየን የምንለው ካለ እነዚያን ምሽቶች ነው። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ጥቅምት 1998 ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ ጋዜጦች ተዘጉ፣ ጋዜጠኞች ከፖለቲከኞች ጋር በአንድ መዝገብ በአገር ክህደት ተከሰሱ። «ፖለቲከኛ እንጂ ጋዜጠኛ አይደላችሁም» ተባሉ። ከእነሱ ውስጥ ብዕሩ የሾለ ነበረ፣ የተሳሳተ ነበረ፣ ወገንተኛም ነበረ። አቋም መያዝ ግን ወኅኒ የሚያስወርድ ከሆነ፣ በዚያ ዘመን ከሁሉ በላይ ወገንተኛ የነበሩት ሁለት ሰዓት ላይ ዜና የሚያነቡልን መሆን ነበረባቸው።

ስለ ቪኦኤም ልናገር፤ ወጣቶቹ ሲሰሙ ይገርማቸዋልና። እናቶቻችን ልብ በሚነካ እምነት የሚያዳምጡት ያ ሬዲዮ የአሜሪካ መንግሥት ሬዲዮ ነበር። ገንዘቡ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ የጸናው ቻርተሩ ዜናው ትክክለኛና የማያዳላ እንዲሆን ያስገድደዋል፤ የመንግሥቱን አቋም የያዘው ርእሰ አንቀጽ ሲመጣም አቋሙ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረን ነበር። አጎቴ እዚያ ላይ ሲደርስ ተነስቶ ደጅ ይወጣል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ጌታ የሌለው ሬዲዮ አልነበረም፤ ጌታው ሲናገር ግን «እኔ ነኝ» ይል ነበር። እኛ ከዚያ ያለፈ አልጠየቅንም። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በመጋቢት 2002 ይህን ሬዲዮ የዘር ፍጅት ካራገበው ከሩዋንዳው ሬዲዮ ሚል ኮሊን ጋር ሲያመሳስሉት የደነገጥነው ለአሜሪካ አዝነን አይደለም። ከሦስቱ የምሽት ሰዓቶቻችን አንዷ ልትወሰድ ስለሆነ ነው። በኋላ ላይ፣ በመጋቢት 2017፣ ያን ሬዲዮ ጸጥ ያሰኘው የራሱ መንግሥት ሆነ። ይህን ማን አስቦት ነበር!

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አንድ አፍታ ተስፋ አድርገናል። የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በአዲስ አበባ ተከበረ፤ ከዓመታት በኋላ እስር ቤት ያለ ጋዜጠኛ የለም ተባለ፤ ከስደት የተመለሱ እኩዮቻችንን ቦሌ ላይ እያቀፍን አለቀስን። ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። ከዚያ ጥቅምት 2013 ጦርነቱን ይዞ መጣ። ወደ ትግራይ ስልክ ተቆረጠ፣ ኢንተርኔት ተቆረጠ፣ መንገድ ተዘጋ፤ ሁሉም ግን ይናገር ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ፣ ቶሮንቶ ሆኖ፣ ሚኒሶታ ሆኖ፣ ዩቲዩብ ላይ ሆኖ፣ ያላየውን ይምላል። እኛ ያን ስልክ እናውቀዋለን። በወጣትነታችን በአንድ ሪፖርተር ላይ የተዘጋው ስልክ አሁን በአንድ ክልል ሕዝብ ላይ ተዘጋ። ስልክ በተዘጋበት አስተያየት ይነግሣል፤ ጭካኔ የሞላበት አስተያየት። በዚያ ጦርነት ከእኛው መካከል የማይታሰብ ቃል የጻፉ አሉ። ዛሬም ሰላምታ የማንለዋወጥ አለን።

እናም ወጣቶቹ «ሁሉም ያው ነው፣ ሁሉም የራሱን ነው የሚያወራው» ሲሉ ብስጭታቸው ይገባናል፤ በዚህ ግን አንስማማም። ሁሉም አቋም አለው፣ እሺ። ሁሉም ግን አይደውልም። ሁሉም የሟቹን ስም ከመጻፉ በፊት ቤተሰቡን አይጠይቅም፣ ሁሉም ለከሰሰው ሰው መልስ መስጫ ቦታ አይተውም፣ ሁሉም ሲሳሳት በሚቀጥለው እትም አያርምም። እኛ ገለልተኛ ልብ ያለው ጋዜጠኛ አላየንም፤ ወገኑን እየወደደ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የማይወደው ሰው የተናገረውን ሳይቆርጥ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን አይተናል፣ አብረን ሠርተናል፣ አንዳንዱንም ቀብረናል። በማይከፈል ደመወዝ፣ በተሰበረ ወንበር ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ይሠራው የነበረው ያንን ነው።

አሁን የቀረነው በቴሌግራም እንገናኛለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አለ፣ ለንደን ያለ አለ፣ አዲስ አበባ የሥጋ ቤት ሒሳብ የሚይዝ አለ፣ የመንግሥት ዴስክ ላይ ጡረታ የወጣችም አለች። በምንም አንስማማም። በቀደም ሌሊት አንዱ ሰበር ዜና ለጠፈ፤ ወዲያው «ማነው ያለው?» ተጻፈ፣ «ሁለተኛ ምንጭ?» ተጻፈ፣ ከዚያ የተለመደው ጠብ ተነሣ፦ የ1997ቱ፣ የ2013ቱ፣ ማን ማንን እንደሸጠ፣ ማን መቼ ዝም እንዳለ። ጡረተኛዋ እስኪሰለቻት ጠበቀችና «የአክስቴ ልጅ እዚያ ወረዳ ነው የሚያስተምረው፤ አሁን እንቅልፍ ላይ ነው፣ ሲነጋ እደውልለታለሁ» ብላ ጻፈች። እስከዚያ ማንም ዜናውን እንዳያስተላልፍ ተስማማን።